ቴስታታው ከመውረዱ በፊት፦ የአንባቢዎች የመኪና ጥያቄና መልስ

ሰላም ሰላም። የዚህ ወር ደብዳቤዎች ግማሹ ስለ ቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስ ነው፣ አይገርምም። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን አስወደደው፣ ከዛ ጥር 2016 ላይ ደሞ መንግስት ከኤሌክትሪክ ውጪ የቤት መኪና አይገባም አለ፣ እና እጁ ላይ የ40 ዓመት መኪና ያለው ሰው እሷኑ ይዞ መቆየት ነው። ችግሩ ጋራዥ ስትሄዱ የመጀመሪያው መልስ ብዙ ጊዜ "ይውረድ" ነው፣ ሞተር ይውረድ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥኑ) ይውረድ። ለማውረድ ሁሌም ጊዜ አለ፣ ዛሬ የመረጥኳቸው ጥያቄዎች አብዛኞቹ ሳይወርድ ስለሚታይ ነገር ናቸው።

ጋሼ ሰላም ነው? 4ኬ ሞተር ያላት ዲኤክስ አለችኝ። ሜዳ ላይ ደህና ናት፣ ከአራት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ ስወጣ ግን የሙቀት መርፌው ወደ ቀይ ይጠጋል። ሜካኒኬ ጓርኒሲዮን (በቴስታታውና በብሎኩ መሃል ያለው ማሸጊያ) ተቃጥሏል ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ይውረድ አለኝ። ላውርደው ወይ? (ከአዲስ አበባ)

ኧረ ቆይ አታውርደው። ሜካኒክህ ልክ ሊሆን ይችላል ግን ምን አይቶ እንደዛ እንዳለ ጠይቀው፣ "ከልምድ ነው" ካለህ እሱ መልስ አደለም። የተቃጠለ ጓርኒሲዮን ምልክት አለው። ጠዋት ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ እያለ የራዲያተሩን ክዳን ክፈት፣ ውሃ ሙላበት፣ አስነሳና አፉን እይ፣ መጀመሪያ ላይ ትንሽ አረፋ ቢወጣ የተያዘ አየር ነው ችግር የለውም፣ ሳያቋርጥ እየተንፈቀፈቀ ከቀጠለና ነዳጅ ስትሰጠው ከባሰበት ግን ከሲሊንደሩ ጋዝ ወደ ውሃው እየገባ ነው። ከዛ የዘይት መለኪያውን አውጥተህ እይ፣ ዘይቱ ማኪያቶ መስሎ ከሆነ ውሃ ተቀላቅሎበታል (መሙያው ክዳን ላይ ብቻ ትንሽ ነጣ ያለ ነገር ካየህና መኪናዋን የምትነዳት አጭር አጭር መንገድ ከሆነ እርጥበት ሊሆን ይችላል፣ አትደንግጥ)። ሞተሩ በደንብ ሞቆም የማያቆም ነጭ ጭስ በማርሚታ (በጭስ ማውጫው) መውጣት፣ ወይ ደሞ ከተነሳች ሁለት ሶስት ደቂቃ ሳይሞላ የላይኛው የውሃ ጎማ ተወጥሮ ድንጋይ መሆን፣ እነዚህም ምልክት ናቸው። አንዱም ከሌለ ቴስታታውን አትንካው፣ ምክንያቱም የ4ኬ ቴስታታ አልሙኒየም ነው ብሎኩ ደሞ ብረት ነው፣ አንዴ ከወረደ ማሽን ሾፕ ሄዶ ፊቱ ቀጥ ማለቱ ሳይታይ መመለስ የለበትም፣ እሱን የሚዘለው ሰው ብዙ ስለሆነ ደህና የነበረ ሞተር ከፍተው በሽተኛ አርገው ይመልሱልሃል።

አሁን ወደ አቀበትህ። መኪና ቆማ ትራፊክ ውስጥ ከሞቀች ፋኑንና እሱን የሚያዞረውን ቺንጋ ነው የምትጠረጥረው፣ አየር ስለማይነፍስላት። አቀበት ላይ ብቻ ከሞቀች ግን ሞተሩ ብዙ ሙቀት እያመረተ ራዲያተሩ መጣል አቅቶታል ማለት ነው። ከነዳሃት በኋላ ሞተሩን አጥፋ፣ ራዲያተሩን ከፊት በኩል በእጅህ ዳስሰው፣ ቀዝቃዛ ቦታ ካገኘህ እዛ ጋ ውሃ አይዞርም ተዘግቷል፣ ራዲያተር ሰሪ ጋ ወስደህ ማስጠረግ ነው። ዓመቱን ሙሉ የቧንቧ ውሃ ብቻ የሚጠጣ ራዲያተር ዝገትና ነጭ ድንጋይ ይሰራል፣ ኩላንት (የራዲያተር ፈሳሽ) ቅንጦት አደለም በተለይ አልሙኒየምና ብረት አንድ ላይ ያለው ሞተር ላይ።

የራዲያተሩን ክዳን ደሞ ሰው ይንቀዋል። አዲስ አበባ ከባህር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ናት፣ እዚህ ውሃ የሚፈላው 100 ላይ ሳይሆን 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። 0.9 የተጻፈበት ጤነኛ ክዳን ግፊቱን ስለሚይዝ መፍያውን ከ110 በላይ ያደርሰዋል፣ ጎማው የደረቀ ስፕሪንጉ የላላ ክዳን ግን ምንም አይዝም ስለዚህ ሞተርህ 92 ላይ መፍላት ይጀምራል ማለት ነው፣ ያቺ ትንሽ ክዳን ናት እንግዲህ ስንት ቴስታታ ያስወረደችው። ክዳን ቀይርና እይ። ሙቅ እያለ ግን እንዳትከፍተው፣ ፊትህን ነው የሚያገኝህ።

ቴርሞስታት (ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ የሚዘጋው) ካለህም እንዳለ ይኑር። "ለኛ አገር አይሆንም" ብለው አውጥተው የሚጥሉት አሉ፣ ከዛ ጠዋት ሞተሩ ለመሞቅ ግማሽ ሰዓት ይፈጅና ነዳጅ ይበላል፣ ሲሊንደሩንም ያስበላዋል። ለመፈተሽ ድስት ውስጥ ውሃ አፍልተህ ክተተው፣ 82 የተጻፈበት መከፈት መጀመር አለበት፣ አዲስ አበባ ሆነህ ሙሉ ለሙሉ ካልተከፈተ ግን ተበላሽቷል አትበል፣ ውሃችን ቶሎ ስለሚፈላ ሙሉ የሚከፈትበት ሙቀት ላይ ላይደርስ ይችላል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ማንም አያስበውም፣ ፑንቲና (ዲስትሪቢውተር ውስጥ እየተከፈተና እየተዘጋ ለካንዴላ እሳት የሚያስነሳው)። ፑንቲናው እያለቀ ሲሄድ ክፍተቱ ይጠባል፣ ክፍተቱ ሲጠብ ታይሚንጉ (ካንዴላው ቤንዚኑን የሚያቀጣጥልበት ጊዜ) ወደኋላ ይቀራል፣ ታይሚንግ ወደኋላ የቀረ ሞተር ጉልበት ያጣል ይሞቃል፣ ሾፌሩ ደሞ ጉልበት ሲያጣ የበለጠ ይረግጣል። በ4ኬ ላይ ክፍተቱ 0.45 ሚሊሜትር ነው፣ በፊለር ጌጅ (ክፍተት መለኪያ) አስተካክለህ ታይሚንጉን 8 ዲግሪ ላይ መልሰው። እነዚህን ሁሉ ብትሰራ አንድ ቅዳሜ አይሞላም፣ ከዛ በኋላም ከሞቀች ተመልሰህ ጻፍልኝ።

ድሬዳዋ እያለሁ መኪናዬ በጣም ቆጣቢ ነበረች፣ ስራ ተቀይሮልኝ አዲስ አበባ ከመጣሁ ጀምሮ ጥቁር ጥቁር ታጨሳለች፣ ካንዴላዎቹም ሲወጡ ጥላሸት ናቸው። ካርቡሬተሩ ሞቷል አዲስ ግዢ አሉኝ። (ከአዲስ አበባ፣ ሲኤምሲ)

እህቴ ካርቡሬተሩ አልሞተም፣ አገር ነው የቀየረው። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ አዲስ አበባ እጥፍ ነው፣ አየሩ ከድሬው ከ10 ፐርሰንት በላይ የሳሳ ነው፣ ካርቡሬተር ደሞ ይሄን አያውቅም፣ በድሬ አየር ልክ የተስተካከለውን ቤንዚን ዝም ብሎ ይሰጣል። ስለዚህ ቤንዚኑ ይበዛል፣ ጥቁር ጭስ፣ ጥላሸት፣ ጉልበት ማነስ። ፍጆታው የተወሰነ መጨመሩ ያለ ነው። ነገር ግን ጭሱ በዓይን የሚታይ ከሆነ ሌላም ነገር አለ፣ መጀመሪያ የአየር ማጣሪያውን አውጪና ወደ ብርሃን ያዢው፣ የድሬ አቧራ ከደፈነው ገና እሱን ሳትቀይሪ ሌላ ነገር አትንኪ። ከዛ ቾኩ (ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ለማስነሳት አየር የሚዘጋው) ሞተሩ ሲሞቅ ሙሉ መከፈቱን እይ፣ ግማሽ ላይ የሚቀር ቾክ በጣም የተለመደ ነው። ሜካኒክ ደሞ የፍሎቱን (ካርቡሬተር ውስጥ የቤንዚኑን ልክ የሚቆጣጠረው ተንሳፋፊ) ከፍታና እግር ከነዳጅ ሲነሳ ያለውን የአየርና የቤንዚን ድብልቅ ያስተካክልልሽ፣ ታይሚንጉንም ሁለት ዲግሪ ያህል ቢያሳድገው ከፍታ ላይ ይረዳታል፣ አቀበት ላይ ስትረግጪ ቅጭቅጭ ካለ ግን ይመልሰው። ክረምት ለእረፍት ድሬ ከወረድሽ ይሄ ሁሉ እንደገና መታየት አለበት፣ እዚህ ያሳሳነው ድብልቅ እዛ በጣም ይሳሳና ሞተሩን ያሞቀዋል። ጂግለሮቹን (ካርቡሬተር ውስጥ ቤንዚን የሚያልፍባቸው ትናንሽ ቀዳዳዎች) በሽቦ የሚጎረጉር ሰው ካገኘሽ መኪናሽን ይዘሽ ውጪ፣ ቀዳዳዋ ከሰፋች አትመለስም፣ በአየር ነው የሚጸዳው።

ቮልስ ገዛሁ፣ የዘይት ፊልትሮው (ማጣሪያው) የት ነው ያለው? ስፈልግ ዋልኩ። (ከሐዋሳ)

የለውማ! የድሮው ቮልስ ፊልትሮ የለውም፣ ከስር ክብ ሰሌዳ አለች፣ ስትፈታት ወንፊት ታገኛለህ፣ እሱን በቤንዚን አጥበህ ጓርኒሲዮኑን ቀይረህ ትመልሳለህ። የሚይዘው ዘይት 2 ሊትር ተኩል ብቻ ነው፣ ሞተሩ በውሃ ሳይሆን በአየርና በዘይት ስለሚቀዘቅዝ ዘይት ሲጎድልበት ወዲያው ይጎዳል፣ በየ5,000 ኪሎሜትሩ ቀይር ከዛ አታሳልፍ። ቫልቩን ስታስተካክል ሞተሩ ሌሊቱን አድሮ ቀዝቅዞ፣ ክፍተቱ 0.15 ሚሊሜትር። የቤንዚን ጎማዎቹን ደሞ ዛሬውኑ ቀይራቸው በማሰሪያ እሰራቸው፣ የቮልስ እሳት አብዛኛው የሚነሳው ከደረቀ የቤንዚን ጎማ ነው፣ ሞተሩ ከኋላ ስለሆነ እስክታይ ይዘገያል።

አይሱዙ ኤንፒአር አለኝ። ማታ ደህና አቆመዋለሁ፣ ጠዋት አይነሳም፣ በእጅ ፓምፑ ስንገፋለት ይነሳል። ፊልትሮ ቀይሬያለሁ፣ ፖምፓው (ናፍጣ ወደ ሞተሩ የሚገፋው ዋናው ፓምፕ) ይውረድ እያሉኝ ነው። (ከኮምቦልቻ)

ይኸው ደሞ ይውረድ። በእጅ ፓምፕ ሲገፋ ተነስቶ ቀኑን ሙሉ ከሰራ ፖምፓው ጤነኛ ነው፣ ሌሊት አየር እየገባ ናፍጣው ወደ ታንኩ እየተመለሰ ነው። ሰው የሚሳሳተው የሚያፈስ ቦታ ይፈልጋል፣ ከታንኩ እስከ ፓምፑ ያለው መስመር ግን የሚስብ መስመር ስለሆነ አያፈስም፣ አየር ነው ሚስበው፣ ደረቅ ሆኖ ታየዋለህ። ስለዚህ በዓይን አትፈልግ። አንድ ጀሪካን ናፍጣ በታንኩ ከፍታ ልክ አስቀምጥ፣ የሚያሳይ ፕላስቲክ ጎማ አግኝና ከታንኩ ይልቅ ከጀሪካኑ እንዲስብ አርገህ አሳድረው። ጠዋት አንዴ ከተነሳ ችግሩ ከታንኩ እስከዛ ድረስ ያለው ቧንቧ ላይ ነው፣ የተሰነጠቀ ጎማ፣ የላላ ማሰሪያ፣ ሻንሲው ላይ ሲፋተግ የተበሳ ቧንቧ። ካልተነሳ ከፊልትሮው ወዲህ ነው፣ የፊልትሮው ጎማ ቀለበት፣ ራሱ የእጅ ፓምፑ፣ ወይ የመዳብ ዋሸሮቹ። የመዳብ ዋሸር ደግመው ደጋግመው የሚያስሩ ሜካኒኮች አሉ፣ ዋጋው ኢምንት ነው አዲስ አርጉበት በቃ።

አየሩን ስታወጣ ፊልትሮው ላይ ያለችውን ብሎን ላላ አርገህ አረፋው እስኪያልቅ ግፋ፣ ብሎኑን እየገፋህ እያለ እሰር። ወደ ኖዝል (ናፍጣ መርጫው) የሚሄዱትን ቧንቧዎች ዳዶ (ማሰሪያ) ማላላት ካስፈለገ ደሞ ሞተሪኖ (ማስነሻው) ሲመታ እጅህን አታስጠጋ፣ ከዛ የሚረጨው ናፍጣ ቆዳ በስቶ ይገባል፣ ትንሽ ነጥብ መስሎ ጣት የሚያስቆርጥ ነገር ነው፣ ከነካህ ቤት ሳትሄድ ቀጥታ ሆስፒታል። ሞተሪኖውንም ከ15 ሰከንድ በላይ ያለ እረፍት አትምታው ይቃጠላል።

ከ30 ዓመት በላይ የጭነት መኪና ነድቻለሁ። አሁን ልጄ ነው የሚነዳው። አባይ በረሃን ሲወርድ ነዳጅ ለመቆጠብ ዜሮ ማርሽ ያደርጋል፣ ብነግረው አይሰማኝም፣ ሁሉም እንደዛ ነው የሚያደርገው ይለኛል። እባክዎ በጽሁፍ ያስረዱልኝ። (ከደብረ ማርቆስ)

ጋሽዬ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እርስዎ የነገሩትን እኔ ብደግመው ይሰማ እንደሆነ ልሞክር፣ ይሄን ያስነብቡት።

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ነዳጁን እንጨርስ፣ ምክንያትህ እሱ ስለሆነ። ናፍጣ ሞተር በማርሽ ቁልቁል ሲወርድ፣ እግርህን ከነዳጅ ስታነሳ ጎማው ነው ሞተሩን የሚያዞረው፣ ያኔ ፓምፑ ናፍጣ ይዘጋል፣ የምትከፍለው ዜሮ ነው። ዜሮ ማርሽ ስታደርግ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ራሱን ማሽከርከር ስላለበት ናፍጣ ይጠጣል። ስለዚህ የምትቆጥብ መስሎህ እየጨመርክ ነው የምትወርደው።

አሁን ፍሬኑ። ከጎሃ ጽዮን እስከ አባይ ድልድይ ድረስ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው የምትወርደው፣ ያ ሁሉ የጭነቱ ጉልበት የሆነ ቦታ ሙቀት መሆን አለበት፣ በማርሽ ከወረድክ አብዛኛውን ሞተሩ ይይዝልሃል፣ በዜሮ ከወረድክ ሁሉም የፍሬን ሸራና ታምቡር (ሸራው የሚይዘው ከጎማው ጋ የሚዞር ብረት) ላይ ነው የሚያርፈው። ሁለት አይነት መጥፋት አለ። ፔዳሉ ደርቆ እግርህን ሽቅብ እየገፋህ መኪናው ግን አልቆም ካለ ሸራው ከመጠን በላይ ሞቆ መያዝ አቁሟል። ፔዳሉ ልፍስፍስ ብሎ ወለሉ ድረስ ከገባ ደሞ የፍሬን ዘይቱ ፈልቶ እንፋሎት ሆኗል። ይሄ ሁለተኛው ያረጀ ዘይት ላይ ነው የሚመጣው፣ የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል፣ አዲስ ዶት 3 የሚፈላው ከ205 ዲግሪ በላይ ነው፣ እርጥበት የያዘው ግን 140 ላይ ሊፈላ ይችላል፣ ያን ደሞ አባይ በረሃ ላይ ታምቡሩ አጠገብ ማግኘት ቀላል ነው። አባትህ ሲነዳ የነበረበትን ዘይት ይዘህ እየወረድክ እንዳይሆን፣ በሁለት ዓመት አንዴ ሙሉ ይቀየር።

ጎሃ ጽዮን ላይ ቁልቁሉ ከመጀመሩ በፊት ማርሹን ቀንስ፣ ስትወጣ የምትይዘውን ማርሽ ስትወርድም ያዝ የሚለው የድሮ ሾፌሮች ህግ አሁንም ልክ ነው፣ የጭስ ማውጫ ፍሬን ካለው ክፈተው። እግርህን ፍሬኑ ላይ አሳርፈህ አትውረድ፣ ጠንከር አርገህ ፍጥነቱን ቀንስና ልቀቅ፣ ይተንፍስ። ከሸተተህ ቁም ጠብቅ፣ ረዳቱ ግን የጋለ ታምቡር ላይ ውሃ እንዳያፈስ፣ ሲሰነጠቅ በዓይን አይታይም ከዛ በሚቀጥለው ቁልቁለት ላይ ነው የሚለይለት። ሞተሩን አጥፍቶ መውረድማ ጭራሽ፣ የፍሬኑ ረዳት ከሞተሩ ጋ ነው የሚሰራው፣ ከጠፋ ሁለት ሶስቴ ከረገጥክ በኋላ በባዶ እግር ጉልበት ነው የምትቀረው።

አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ ነው ያለሁት፣ አባቴ ደሴ የ1982 (እ.ኤ.አ.) ኮሮላ ዲኤክስ አለው። ለገና ስሄድ እቃ ልይዝለት ነው፣ እዚህ መለዋወጫ ሱቅ "1982 ኮሮላ" ብዬ ስፈልግ ሁሉም ይመጣል፣ ዝም ብዬ ልግዛ?

በፍጹም ዝም ብለሽ አትግዢ። ኮሮላው ስሙ አንድ ነው ሞተሩ ግን ሌላ ነው፣ አሜሪካ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ የተሸጠው 1.8 ሊትር 3ቲሲ ነበር ከዛ 4ኤሲ መጣ፣ የአባትሽ 4ኬ ከሆነ 1.3 ሊትር ነው፣ እሱ አሜሪካ ኮሮላ ላይ አልተሸጠም። ስለዚህ የውሃ ፓምፕ፣ ጓርኒሲዮን፣ ዲስትሪቢውተር ክዳን ምናምን ከዛ ሱቅ ብትገዢ ደሴ ደርሶ መደርደሪያ ማሳመሪያ ነው የሚሆነው። መጀመሪያ አባትሽን ኮፈኑን ከፍቶ ብሎኩ ላይ የተመታውን የሞተር ቁጥርና ኮፈን ስር ያለችውን የሞዴል ሰሌዳ ፎቶ እንዲያስልክልሽ አርጊ። የመኪናውን ዓመትም ከሊብሬው ብቻ አትመኚ። ከዛ በሞተሩ ስም ነው የምትፈልጊው፣ አውስትራሊያና ደቡብ ምስራቅ እስያ ብዙ ስለነበር ከዛ የሚልኩ ሻጮች አሉ።

ግን እውነቱን ልንገርሽ የ4ኬ እቃ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ (የመለዋወጫ ገበያው) አለ፣ ያንን ከአሜሪካ መሸከም አያስፈልግሽም። ከዛ ይዘሽ ብትሄጂ የሚጠቅመው ሌላ ነው፤ ጥሩ ፊለር ጌጅ፣ የታይሚንግ መብራት፣ ዲጂታል መልቲሜትር፣ የኮምፕሬሽን መለኪያ፣ እነዚህ ለየትኛውም መኪና ይሆናሉ። የካርቡሬተር ማጽጃ ስፕሬይ ሻንጣ ውስጥ እንዳታስገቢ፣ ተቀጣጣይ ነው አውሮፕላን ላይ አይፈቀድም።

ጅማ ነው ያለሁት፣ ተማሪ ነኝ፣ የአጎቴን መኪና ቤት ውስጥ መጠገን መማር እፈልጋለሁ፣ መጀመሪያ ምን እቃ ልግዛ?

ከ8 እስከ 19 ያለ መፍቻ፣ ካቻቢቴ ሁለቱም አይነት፣ ፒንሳ፣ የካንዴላ መፍቻ፣ ርካሽ መልቲሜትር። መልቲሜትሩ ብዙ ገንዘብ ያድንልሃል፣ ሞተሩ ጠፍቶ ያረፈ ባትሪ 12.6 ቮልት ካሳየ ሙሉ ነው፣ ሞተሩ ተነስቶ እየሰራ ደሞ ከ13.8 እስከ 14.4 ካሳየ ዲናሞው እየሞላ ነው፣ ይህን ብቻ ያወቀ ሰው ደህና ዲናሞ ለማስጠቅለል አይወስድም።

ግን ከሁሉም በፊት የብረት ስታንድ ሁለት ግዛ ወይ አስበይድ፣ ክሪክ ማንሻ ነው እንጂ መያዣ አደለም፣ በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ስር እንዳትገባ፣ ብሎኬትም አትደግፍበት ሳያስጠነቅቅ ነው የሚፈርሰው። የፍሬን ታምቡር ስትከፍት አቧራውን በአፍህ ወይ በኮምፕሬሰር አትንፋ፣ የድሮ ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል፣ በእርጥብ ጨርቅ ጥረገው። በር ዘግተህም ሞተር አታስነሳ። የምታወጣውን የተቃጠለ ዘይት ጓሮ እንዳትደፋው፣ ጀሪካን ውስጥ አጠራቅመው፣ ግንባታ ላይ ጣውላ የሚቀቡበት ሰዎች መጥተው ይወስዱልሃል።